ውሃ የዋጠው ማሳና የነሐሴ ካርፕ

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት ይላሉ። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋን ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ ትንሽ ያጠራጥራል፣ ምክንያቱም ነሐሴ 13 ጅራፉ ጮኾ ሙልሙሉ ተበልቶ ካለቀ በኋላም ዝናቡ ከሰዓት ከሰዓት መውረዱን አይተውም፣ ጭጋጉም ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ እንደተኛ ነው። እኔ ግን አሳ ማጥመድ ከጀመርኩ ወዲህ አባባሉን አምነዋለሁ። ለውጡ ሰማዩ ላይ አይደለም ቀድሞ የሚታየው፣ ውሃው ላይ ነው። ከቡሄ እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ጎርፉ ቀንሷል፣ ጭቃው ወደታች መዝቀጥ ይጀምራል፣ ፀሐይ በቀን ሁለት ሶስት ሰዓት ብቅ ትላለች፣ እና ሐምሌን ሙሉ የት እንደገባ ሳይታወቅ የከረመው ካርፕ የሚባለው አሳ ወደ ዳር ይመጣል። ከአመቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ጊዜ ይሄ ነው።

ስልኬን ከፍቼ ስለዚህ አሳ ስፈልግ የማገኘው በሙሉ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሰዎች የሚሉትን ነው፣ ኦገስት ላይ ካርፕ እንዴት እንደሚያዝ ቪዲዮው መአት ነው፣ ብዙም ተምሬበታለሁ። ግን የነሱ ኦገስትና የኛ ነሐሴ የሚገናኙት በቀን ብቻ ነው። እነሱ ጋ በዛ ሰሞን ውሃው በጣም ይሞቃል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ በዛ ላይ አልጌውና የውሃ ሳሩ ሌሊት ሌሊት የተገኘችውን ኦክስጅን ስለሚጨርሳት ጎህ ሲቀድ አሳው ይታፈናል። ስለዚህ ምክራቸው ንፋስ የሚመታውን ዳር ፈልጉ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ማታና ሌሊት አጥምዱ፣ ቀትር ላይ ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ዳቦ ጣሉለት የሚል ነው። ለነሱ ልክ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ይሄ ከፍታ ብቻውን ውሃው ሊይዝ የሚችለውን ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነፃፀር ከሩብ በላይ ይቀንሰዋል፣ ግን ቅዝቃዜው መልሶ ያካክሰዋል፣ ዝናቡና ንፋሱም ውሃውን እየመታ አየር ያስገባበታል። ስለዚህ በኛ ነሐሴ ካርፕን የቸገረው አየር አይደለም፣ ሙቀት ነው። ካርፕ ደህና አድርጎ የሚበላው ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፣ ከ10 በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል ማለት ይቻላል፣ የኛ የክረምት ውሃ ደግሞ በነዚህ መሃል የሚዋልል ነው፣ አንዲት ሁለት ዲግሪ ያገኘበት ቦታና ሰዓት ላይ ነው እንግዲህ አሳው የሚበላው። ሌሊት ብርድ ላይ መቀመጥ ምንም አይጠቅምም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ፀሐይዋ ጥልቀት የሌለውን ዳር ስታሞቀው፣ በቃ ያ ነው ጊዜው።

የማጠምድባት ግድብ ትንሽ ናት። ለመስኖ የተሰራች፣ ጥቁር አፈሩ ሜዳ ውስጥ ያለች፣ ስሟን አልጽፍም ምክንያቱም የአካባቢው ሰዎች ሰው እንዳይበዛባቸው ለምነውኛል። አሳው ከአመታት በፊት በግብርና ባለሙያዎች በኩል ጫጩቱ መጥቶ የተጨመረ ነው። ካርፕ የኛ አገር ዘር አይደለም፣ መሰረቱ እስያና ምስራቅ አውሮፓ ነው፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን ጊዜ ገደማ ነው፣ መጀመሪያም አዲስ አበባ አጠገብ ያለው አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ነው የተጨመረው፣ ዛሬ ቆቃም አለ ፊንጫም አለ። ለደጋ የሚመረጥበት ምክንያት ግልፅ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ሌላው አሳ ብርድ አይችልም፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን መራባቱ ይዳከማል፣ ካርፕ ግን አውሮፓ ውስጥ ከላይ በረዶ በጋገረ ሐይቅ ስር ክረምቱን የሚያልፍ ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግድብ ላይ የሚያጠምድ ሰው በሙሉ ወደ መሃል ነው የሚወረውረው። ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ ያከብድና ክንዱ የቻለውን ያህል ያርቃል፣ ትልቁ አሳ ጥልቁ ውስጥ ነው ተብሎ ስለሚታመን። እኔ አንድ ቀን እንደዛ ስወረውር ከኋላዬ ቁጭ ብለው ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "አንተ ልጅ፣ እዛ መሃል ምን ትፈልጋለህ? እዛ እኮ ድንጋይ ነው ያለው" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እኔው ነኛ የከመርኩት።"

ለካ ግድቡ ከመሰራቱ በፊት ያ ቦታ ማሳቸው ነው። አባታቸውም አርሰውታል። ከእርሻው ውስጥ ድንጋይ እየለቀሙ የከመሩበት ቦታ አሁን ውሃው መሃል ላይ ነው፣ እኔ በመንጠቆ ስጎተጉተው የዋልኩት እሱን ነው። ከዛ ቀጥለው በበትራቸው ውሃው ላይ እየጠቆሙ ይነግሩኝ ጀመር። እዚህ ጋ ቦይ ነበር፣ ውሃ ሲበዛ ማሳው እንዳይጨቀይ እሳቸው የቆፈሩት፣ ከላይ ከዛ ባህር ዛፍ ጀምሮ እስከዚህ ይመጣና ይታጠፋል። እዛ ደግሞ ካብ ነው፣ ከጎረቤት ጋር የሚያዋስናቸው። ያቺ ሳሩ ብቅ ያለባት ከብቶቹ የሚያድሩባት በረት ነበረች። ከሷ በላይ አውድማው። እኔ ዝርግ ውሃ ነው የማየው። እሳቸው የሚያዩት ግን እርሻ ነው፣ እያንዳንዷን ትልም ያውቋታል፣ በየትኛው አመት የትኛው ጥግ ላይ ገብስ ተዘርቶ የትኛው ላይ ባቄላ እንደነበረ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ያን ቀን የተናገሩት ለአሳ አጥማጅ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው አላወቁትም፣ እኔ ግን ልቤ ነው የደነገጠው። የውሃን ስር ለማወቅ ፈረንጆቹ ሶናር ምናምን ይገዛሉ፣ በጀልባ እየዞሩ ጥልቀት ይለካሉ። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ትንንሽ ግድብ የተሰራው ሰው ባረሰው መሬት ላይ ነው፣ ያንን መሬት በባዶ እግራቸው ሲረግጡት የኖሩ ሰዎች ደግሞ ዳሩ ላይ ከብት እየጠበቁ ተቀምጠዋል።

አስቡት እስኪ። አውድማ ማለት በእበት ተለቅልቆ በከብት ኮቴ የተደበደበ ደረቅ መሬት ነው፣ ውሃ ስር ሆኖም ጠንካራ ነው፣ ካርፕ አፍንጫውን የሚቀብርበት ለስላሳ ጭቃ የለውም፣ እዛ መጣል ጊዜ ማባከን ነው። የከብት በረት ግን የስንት አመት እበት የጠጣ አፈር ነው፣ እንደዛ አይነት ለም ጭቃ ውስጥ ቀያዮቹ ትንንሽ ትሎች ይፈላሉ፣ የቢንቢ ዘመድ የሆኑ ነፍሳት እጭ ናቸው፣ ካርፕ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወዳቸው እነሱን ነው። ቦዩ መንገዱ ነው፣ ከጥልቁ ወደ ዳር ሲመጣ ጀርባውን ሳያሳይ በዛ ውስጥ ነው የሚሄደው። ካቡ ቀንድ አውጣ ይይዛል። አንድ ሽማግሌ በበትር እየጠቆሙ የነገሩኝ ነገር ከብዙ ቪዲዮ በልጦብኛል ብል አላጋነንኩም።

ግንቦት ላይ ውሃው ለመስኖ ወጥቶ ወጥቶ ሲያልቅ ጋሼ ይዘውኝ ገቡ። መረሬው አፈር ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ነበር። ካቡ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ አሁንም ቆሟል። ቦዩ በደለል ሞልቶ ለኔ ምንም የማይታይ ነገር ሆኗል፣ እሳቸው ግን በትራቸውን እየሰኩ "እዚህ ነው፣ ለስላሳ ነው አየህ" እያሉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተሉት። መሬቱ ለግድቡ ሲወሰድ በምትኩ ሌላ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፣ እሱንም ያርሳሉ፣ ስለዛ ብዙ አያወሩም። በረቱ የነበረበት ጋ ስንደርስ ግን ቆሙና የበሬዎቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። እኔ ስልኬ ላይ ቦታዎቹን ምልክት እያደረግኩ ነበር፣ እና ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ለኔ የአሳ ካርታ የሆነው ነገር ለሳቸው ሙሉ ህይወታቸው እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ ከዛ ወዲህ እዛ ውሃ ላይ ስቀመጥ የሰው ቤት ገብቼ እንደተቀመጥኩ ሆኜ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታዲያ ሁሉም ነገር ዳር ላይ ይሆናል። ግድቡ ሞልቶ የግጦሹን ሳር ይሸፍነዋል፣ በፊት ላም የምትግጥበት ቦታ ጉልበት የማይደርስ ውሃ ይተኛበታል። ከሳሩ ስር የምድር ትሉ፣ ጢንዚዛው፣ ከላይ ታጥቦ የመጣው ጥሬ ሁሉ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ቀድሞ የሚሞቀው እሱ ነው። ካርፑ በቦዩ ተከትሎ ይመጣና ሳሩ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ ብላችሁ ካያችሁ ሳሩ ንፋስ ሳይኖር ይነቃነቃል፣ አረፋ በመስመር ብቅ ብቅ ይላል፣ የሚቆፍርበት ቦታ ላይ ውሃው ከሌላው ይበልጥ ይደፈርሳል። ከቆማችሁበት ሁለት ሜትር፣ ሶስት ሜትር ቢሆን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ብዙ ሆነው ሳሩ ውስጥ እየተጋፉ ሲንቦጫረቁ ታያላችሁ፣ ያኔ እንቁላል እየጣሉ ነው፣ እንቁላሉ የሚያጣብቅ ስለሆነ ሳሩ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ እባካችሁ ያን ቀን ተዉአቸው፣ እኔ እቃዬን ሰብስቤ ነው የምመለሰው።

እዚህ ጋ አካሄድ ወሳኝ ነው። ካርፕ በጣም ነው የሚሰማው። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በትንንሽ አጥንቶች ተያይዞ እስከ ውስጥ ጆሮው ይደርሳል፣ ስለዚህ ዳር ላይ በቦት ጫማ ዱብ ዱብ ካላችሁ መሬቱ የሚያስተላልፈውን ንዝረት እናንተ ሳትደርሱ ሰምቶ ወጥቷል። እኔ የመጨረሻውን ሃያ እርምጃ ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊቴ አድርጌ፣ ከደረስኩ በኋላም መንጠቆዬን ከመጣሌ በፊት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ከብት ግን አያስደነግጠውም፣ ላሞቹ እግራቸውን ነክረው ሲጠጡ አሳው አጠገባቸው ሲቆፍር አይቻለሁ፣ ለምዷቸዋል።

ስለ ምግቡም ልንገራችሁ። ካርፕ ጨጓራ የሚባል ነገር የለውም፣ የበላው ቀጥታ አንጀቱ ነው የሚገባው፣ ለዚህ ነው አንዴ ጠግቦ የማይተኛው፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲለቅም ይውላል። አፉ ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ቀንድ አውጣውንም ጥሬውንም እዛ ይፈጨዋል፣ ወፍጮ ቤቱን ይዞ የሚዞር አሳ በሉት። ከንፈሩ ግን ለስላሳ ነው፣ ወደፊት ይዘረጋና ጭቃውን ከነምግቡ ይስባል፣ በአራቱ ጢሞቹ እየዳሰሰ የሚሆነውን ያስቀራል የማይሆነውን ይተፋል። ብረት ከነካው በሰከንድ ነው የሚተፋው። 1980 ገደማ በፈረንጅ አቆጣጠር እንግሊዞች ያወጡት ሄር ሪግ የሚባል ዘዴ ይሄንኑ ጠባዩን ነው የተጠቀመበት፣ ምግቡ መንጠቆው ላይ አይሰካም፣ ከመንጠቆው በወጣች አጭር ቀጭን ክር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ መንጠቆው ራሱ ባዶ ነው። አሳው ምግቡን ሲስብ መንጠቆው ተከትሎ ይገባል፣ ልትፋው ሲል ታችኛው ከንፈሩን ይይዘዋል። ከነሱ ከተማርኩት ሁሉ ለኛ ውሃ ምንም ሳይቀየር የሰራልኝ ይሄ ነው። እኔ በቆሎ ዘፍዝፌ አሳድርና እቀቅለዋለሁ፣ ለስለስ ሲል በመርፌ በስቼ ክሯን አሳልፋለሁ፣ እንዳይወጣ ደግሞ ጫፉ ላይ ቁራጭ ስንደዶ አስገባለሁ። የባቄላ ንፍሮም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይፈርሳል።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ሌላ በረከት አለ። በየቤቱ ለእንቁጣጣሽ ጠላ ይጠመቃል፣ አተላው ለከብት ነው የሚሰጠው፣ ጋሼ ቤት ግን አንድ ጣሳ ለኔ ይቀመጣል። እሱን ከገብስ ዱቄትና ከዛው ከዳሩ አፈር ጋር ለውሼ በቡጢ ልክ አድቦልቡዬ ሁለት ሶስቱን ሳሩ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ አልወረውርም፣ እጄን ነክሬ ነው የማስቀምጠው። የተብላላ እህል ሽታ ካርፕን ይስበዋል፣ አውሮፓም የቢራ ፋብሪካ ተረፈ እህል ይጠቀማሉ። ብዙ አታብዙ ብቻ፣ ከበዛ ጠግቦ ይሄዳል፣ ውሃውንም ያበላሻል።

አምና ከሩፋኤል ማግስት የያዝኩትን ልንገራችሁ። ጳጉሜን 3 ልጆቹ የሩፋኤልን ዝናብ ሲጠመቁበት ውለው በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። በረቱ የነበረበት ጫፍ ላይ፣ ቦዩ ሳሩን የሚያገኝበት ጋ ነው የተቀመጥኩት። 5 ሰዓት አካባቢ ሳሩ መነቃነቅ ጀመረ፣ አረፋው መጣ፣ ከዛ ክሩ በቀስታ ወደ ጎን ሄደና ዘንጉ ጎበጠ። ካርፕ ሲያዝ አይዘልም፣ ክብደቱን ይዞ ወደሚያውቀው ቦታ ነው የሚሄደው፣ በቦዩ ሊወርድ ሲል ይሰማኛል፣ እኔ ደግሞ በስተቀኝ ካቡ እንዳለ ስለማውቅ ወደዛ እንዳይዞርብኝ ዘንጉን ወደ ግራ ዝቅ አድርጌ ያዝኩ። ጋሼ ከላይ ሆነው "ካቡን! ካቡን ጠብቅ!" ይሉኛል፣ እሳቸውም ያዩታል ማለት ነው። መረብ ውስጥ ሲገባ አራት ኪሎ የሚሆን ነው፣ ቅርፊቱ ጠርዝ ጠርዙ ጠቆር ያለ ወርቅማ፣ ሆዱ ወደ ቢጫ። እጄን አርጥቤ ነው የያዝኩት፣ ደረቅ እጅ የቆዳውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ልጋጉ ደግሞ ከበሽታ መከላከያው ነው። ጋሼ ወርደው ጭንቅላቱን ዳሰስ አደረጉትና "ከኔ በሬዎች ፍግ ነው የሰባኸው" አሉት። እንዲህ ያለ ደስታ የት ይገኛል።

ምግብነቱን በተመለከተ፣ ጋሼ ፍልሰታን አሳ አይቀምሱም፣ ስለዚህ እኔም እስከ ነሐሴ 16 እዛ ግድብ ላይ አላጠምድም፣ ለሳቸው ክብር ነው። ከዛ በኋላ ግን ባለቤታቸው እትዬ ይሰሩታል። ድሮ እዛ ሰፈር አሳ የሚበላ አልነበረም፣ አሁን ልጆቹ ናቸው የሚሻሙት። ካርፕ ሁለት ችግር አለው፣ የጭቃ ሽታና ስጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች። ለመጀመሪያው፣ በህይወት እንዳለ ንፁህ ውሃ ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ማቆየት ነው፣ ሽታው ከስጋው ይወጣል። ለሁለተኛው፣ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በስለታም ቢላ ቀጠን ቀጠን አድርጎ መሰንጠቅ፣ ስንጥቁ በጣም ተቀራራቢ መሆን አለበት፣ ከዛ ጨውና ሎሚ አሽቶ በደንብ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው፣ ዘይቱ በስንጥቁ ገብቶ ትንንሾቹን አጥንቶች ያበስላቸዋል ከስጋው ጋር ይበላሉ። እትዬ በዳጣ ያቀርቡታል። እንዲህ ከተሰራ ካርፕ አይጣፍጥም የሚል ሰው አልቀበልም።

አንድ ከልቤ የምለምነው ነገር አለ። ይሄ አሳ እዛች ግድብ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ሌላ ቦታ ግን ጥፋት ሊሆን ይችላል። በአለም ላይ ጎጂ ከተባሉ 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አለበት፣ አውስትራሊያ ውስጥ መሪ ዳርሊንግ የሚባለውን የወንዝ ተፋሰስ ወሮ አገሬውን አሳ አስጨንቆታል። ጭቃውን ሲቆፍር ውሃውን ያደፈርሳል፣ የውሃ ሳሩን ይነቅላል፣ በሳሩ ውስጥ የሚራባው ሌላው አሳ ቦታ ያጣል። የኛ የበሬሳ ወንዝ ውሃ ወደ ጀማ ወንዝ ነው የሚወርደው፣ ጀማ ወደ አባይ። ጀማ ውስጥ የራሱ ቢልጫ፣ የራሱ አምባዛ አለው፣ ከዛ ሸለቆ ጋር አብረው የኖሩ አሳዎች ናቸው። አንዳንድ ልጆች ካርፕ በጄሪካን ይዘው ሌላ ውሃ ውስጥ ሊጨምሩ ሲያስቡ ሰምቻለሁ፣ በበጎ ሀሳብ ነው፣ ግን እባካችሁ አታድርጉት። አሳ ወደ አዲስ ውሃ ከመጨመሩ በፊት የሚያውቅ ባለሙያ ይጠየቅ። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ከመስቀል በኋላ አሳው ቀስ በቀስ ከዳር ይርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እኔም ዘንጌን እሰቅላለሁ። አሁን የቀረኝ የወዲያኛው ዳር ነው። ጋሼ ስለሱ ብዙ አያውቁም የሌላ ሰው መሬት ነበር፣ የሚያውቁት እዛ ጋ ምንጭ እንደነበረ ብቻ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ሙቀቱ አመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ምንጩ አሁንም ከፈለቀ በብርዱ ሰሞን አሳው እዛ ይሰበሰባል ብዬ እገምታለሁ። ከዛ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ ያደጉ አንዲት እማማ ከልጃቸው ጋር ደብረ ብርሃን ይኖራሉ አሉ፣ ጋሼ ለእንቁጣጣሽ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ያናግሩልኛል፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ግንቦት ላይ ውሃው ሲወርድ መኪና ይዤ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።